የጠበቀው ረድፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሰው አይታችሁ አታውቁም፣ ልጆቼ። እኔም አላየሁም ነበር። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት ስቆርጥ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ብርድ የሚባለውን ነገር በወሬ ነው የማውቀው። ታኅሣሥ ሲገባ ማለዳ ላይ ጋቢ ደረብ እናደርጋለን፣ ፀሐይ ስትወጣ እንጥለዋለን። ብርዳችን ይኸው ነው። ታዲያ ሃምሳን አልፌ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ ኪሮሽ ይዤ ሹራብ ልሠራ ተቀመጥኩ ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ያኔም ተስቆብኛል።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ባለቤቴ አስካለማርያም የአንኮበር ልጅ ነበረች፤ ብርድን ታውቀዋለች። አንድዬ ልጃችን ክፍሉ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሌላዋ እናት ጥይቱን ትፈራለች፣ እሷ ተራራውን ፈራች። «ድሬ ያደገ ልጅ ነው፣ በሸሚዝ ነው የሄደው። አለት ላይ ሲያድር ብርዱ ደረቱን ይበላዋል» እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። ሹራብ ልትሠራለት ቆርጣ ተነሣች። ገና ክር ስታፈላልግ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኗ ግን ከዳት። እጇ እንደ ሰው ዕቃ ከጎኗ ተጋድሞ ቀረ።

ያ እጅ እኮ በሰፈራችን የታወቀ እጅ ነበር። የየቤቱ የሬዲዮ ልብስ፣ የየሙሽራዋ የጠረጴዛ ዳንቴል ከዚያ እጅ የወጣ ነው። ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ምላሷ ትንሽ ቢጎተትም ንግግሯ ይሰማል። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣

«አንተ ሥራው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሹራቡን ነዋ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትሠራለህ።»

«አስካል፣ እኔ የብረት ሰው ነኝ።»

«ብረቱን በፀጉር ልክ ቆረጥኩት እያልክ አይደል ዕድሜህን ሙሉ ስትኮራብኝ የኖርከው? ክር ከብረት ይጠነክርብሃል?»

እሺ አልኩ።

የሱፍ ክር ድሬ ገበያ የለም፤ ማን ይገዛዋል። ክሩን ያመጣችልን ሃሊሞ ናት። ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ሰልባጅ የምትሸጥ፣ በራችን ከበሯ ፊት ለፊት የሆነ የሶማሌ ጎረቤታችን ነበረች። ልጇ ዓብዱልአዚዝ ከክፍሉ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮ የተመለመለ፣ አንድ ጦር ውስጥ የነበረ ነው። ከጅቡቲ ከመጣ ልባሽ ውስጥ ሁለት ረጃጅም የሴት ሹራብ መዝዛ መጣች። አመድማ ናቸው፣ ክርናቸውን ብል በልቶታል።

«ይሄን የለበሰችው ፈረንጅ ግመል ታክላለች፣ ወላሂ» አለች አልጋው ላይ እየዘረጋችው። «ተርትሩት። ለሁለት ልጅ ይበቃል።»

ተረተርነው። አስካል በግራ እጇ ጫፉን ይዛ እኔ እየሳብኩ። የተተረተረ ሱፍ እንደ ተጎነጎነ ፀጉር ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው፤ አጥባችሁ ክብደት ካላንጠለጠላችሁበት አይቃናም። ከጋራዥ ትልልቅ ብሎን አምጥቼ አንጠለጠልኩበት። በድሬ ፀሐይ ወዲያው ደረቀ።

ኪሮሹስ? የእሷ ኪሮሾች የዳንቴል ናቸው፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ፤ ሱፍ አይዙም። በምሳ ሰዓት ቁራጭ ናስ ቶርኖ ላይ አስሬ ወፈር ያለ ኪሮሽ አወጣሁ፣ ጫፉን በሞረድ ሞርጄ፣ አለስልሼ። አየነው የሚባል አብሮኝ የሚሠራ ቀልደኛ ነበረ። አንገቱን አስግጎ አየና፣

«ጋሽ ገብሬ፣ ይሄ የየትኛው ሎኮሞቲቭ ዕቃ ነው?» አለኝ።

«የቤቴ።»

በማግሥቱ ጋራዡ በሙሉ ሰምቷል። «ለባቡሩ ዳንቴል መቼ ነው የምታለብስልን?» ይለኛል አንዱ። «ተወው አቦ፣ መጀመሪያ ለአለቃችን ካልሲ ይሥራ» ይላል ሌላው። አብሬ እስቃለሁ። ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

መማሩ ግን አሳር ነበር። ሰንሰለቱን መጎንጎን በአንድ ቀን ያዝኩት፣ ረድፍ መሥራቱ ነው የፈጀኝ። ጣቴ ያልበዋል፣ ሱፉ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። እግሬን ሳፋ ውኃ ውስጥ ከትቼ ነው የምሠራው። ደግሞ በሰው ልክ የጀመርኩት ሥራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ በድመት ልክ ይሆናል። አስካል በግራ እጇ ዳሩን ትዳብሰውና በዚያች በከፊል በምትታዘዝላት ከንፈሯ ትስቃለች።

«የዳሩን ዓይን እየዘለልክ ነው። ረድፉ ሲያልቅ አንድ ሰንሰለት ወደ ላይ ወጥተህ ከዚያ ዙር። ተርትረው።»

«እንደገና?»

«እንደገና።»

ዳሩ ሲቃናልኝ ደግሞ ሌላ ጥፋት አገኘችብኝ። «ለምን ታንቀዋለህ? ክር ነው፣ ብሎን አይደለም። አላላው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጣሪያው እያየች፣ «የሰው እጅ ክር ላይ ይቀራል፣ ገብሬ። የተናደደች ሴት የሠራችው ይጠብቃል፣ ደስ ያላት ይላላል። ዳንቴል ሲያሳዩኝ የሠሪዋን ፊት ሳላይ እንዴት እንደዋለች አውቃለሁ» አለችኝ። የሴት ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀስ በቀስ እጄ ለመደ። ጀርባው አለቀ። ደረቱን ጀመርኩ። ያን ሰሞን ቤታችን ደስ ይል ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ እሠራለሁ፣ እሷ የክፍሉን ልክ ትነግረኛለች። «ትከሻው ያንተ ነው፤ አንገቱ የእኔ፣ ቀጭን።» አንዳንዴም፣ «ሲያየው ይስቅብሃል፣ ግን አያወልቀውም» ትለኛለች።

ደረቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዓብዱልአዚዝ መጣ። እግሩን ቆስሎ ለማገገሚያ ፈቃድ ተሰጥቶት ነው። ወሬውን የሰማነው ከሰው ነው። ሃሊሞ እልል አላለችም፤ በሯም ቀኑን ሙሉ ገርበብ እንዳለ ዋለ።

«ዓብዱልአዚዝ መጣ አሉ፤ ለምን አልመጣም እኔ ጋ?» አለች አስካል።

«መንገድ አድክሞት ይሆናል» አልኳት።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ማርያም በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ገብረ መድኅን፣ ለአንድ ጉዳይ ነበር» አሉኝ በዝግታ። እናንተ የዛሬ ልጆች ስልክ አላችሁ። በእኛ ጊዜ ሽማግሌ በጎሕ በርህን ካንኳኳ፣ ጉዳይህ አንድ ብቻ ነው። ልብሴን ለበስኩ።

መርዶ የሚነገረው በቤት ነበር። የእኔ ቤት ውስጥ ግን አስካል አለች። ስለዚህ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይዘውኝ ወረዱ። ክረምቱ አልገባም፣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። የእድሩ ሰዎች አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ሃሊሞ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዓብዱልአዚዝ ምርኩዙን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«ገብሬ፣ ክፍሉ አርፏል» አሉ አቶ ወልደ ማርያም።

መጮኽ አልቻልኩም። ወንዙ ዳር ቤቶች አሉ፣ ድምፅ ይሻገራል። አሸዋውን በእፍኜ ይዤ ቀረሁ። ዓብዱልአዚዝ አጠገቤ ተንበርክኮ፣

«አጠገቤ ነበር፣ አባባ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። እንዲሁ አልተተወም» አለኝ።

ምን ብዬ እንደ ጠየቅሁት ታውቃላችሁ? «ብርድ ነበር?» አልኩት።

«በጣም» አለ።

ከዚያ ስለ አስካል ተመካከሩ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል፤ ይህን ከሰማች አንድ ቀን አታድርም፤ እስክትበረታ ይቆያት ተባለ። ለታማሚ መርዶ አይነግሩም፣ የቆየ ደንብ ነው። ጎረቤቱም ምስጢሩን እንዲይዝ ቃል ተገባ። አቶ ወልደ ማርያም ክንዴን ይዘው፣ «ሹራቡን አታቋርጥ። ያቋረጥክ ዕለት ይገባታል፤ ከገባት ደግሞ ሁለት ሬሳ ነው» አሉኝ። ሃሊሞ ከጄሪካን ውኃ አፍስሳ ፊቴን አጠበችልኝ፣ በሻሿ ጫፍ አደረቀችልኝ። ምክንያት እንዲሆነኝ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ።

«የት ሄደህ ነው በማለዳ?»

«የእድር ጉዳይ ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«አንድ የሰዓቢያን ሰፈር ሰው።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ደግሞም፣ «ልጅ አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

ዳቦውን ቆረስኩላት። ከሥራ ስመለስ ሳፋዬን ውኃ ሞልቼ፣ እግሬን ከትቼ፣ ካቆምኩበት ረድፍ ቀጠልኩ።

ልጆቼ፣ በእጄ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። እንደዚያ የከበደኝ የለም። ለሌለ ሰው ደረት ትሠራለህ። የማይገባበትን አንገት ታወጣለህ። ፊትህን ደግሞ ለሚስትህ ታበራለህ። የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ አጠገቧ ሆነው ይስቃሉ፣ ያወራሉ፣ ደጃፉን ሲሻገሩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጎሰጉሳሉ። ጋራዥም ቀልዱ ቆመ። አየነው አንድ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ቶርኖዬን ጠርጎ፣ ዘይት አጠጥቶ አገኘሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም።

ዓብዱልአዚዝ መቅረት ስላልቻለ በመጨረሻ መጣ። ሃሊሞ ክንዱን ይዛ ነው ያስገባችው። አስካል በግራ እጇ አገላብጣ ሳመችው።

«ልጄ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ እማማ። ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

«ይበርደዋል?»

ዓብዱልአዚዝ ምርኩዙን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። እናቱ ከኋላው ጎሰም አደረገችው። «አሁን አይበርደውም፣ እማማ» አለ።

«እስቲ ቁምልኝ። ካንተ ብዙ አይለይም፣ አንተ ላይ ይለካ። ገብሬ፣ ደረቱን ያዝበት።»

ያን እኩሌታ ሹራብ ደረቱ ላይ ዘርግቼ ያዝኩ። ልጁ በምርኩዙ ቆሟል። ሃሊሞ መስኮቱን ልክፈት ብላ ጀርባዋን ሰጠችን።

«ልኩ ነው» አለች አስካል፤ ደስ አላት። «ፈቃድህ ሲያልቅ ይዘህለት ትሄዳለህ።»

እንግዲህ ሌላ ጭንቅ መጣ። የልጁ እግር እየዳነ ነው፤ ፈቃዱ ሊያልቅ ነው፤ ሹራቡ መድረስ አለበት። ደረቱን ጨረስኩ፣ እጅጌ ጀመርኩ። በጥድፊያ ስለሠራሁት የግራው ከቀኙ ረዘመ። ለማስተካከል ጉልበት አጣሁ። ቁርጥራጩን ገጣጥሜ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ «በይ፣ አለቀልሽ» ብዬ ደረቷ ላይ አኖርኩላት።

ዓይኗን ጨፈነች። በግራ እጇ ከጀርባው ጀመረች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ረድፍ በረድፍ። «ይሄ ገና ስትማር ነው» አለች፤ ፈገግ አለች። «እዚህ ላይ እጅህ ተፈታ። ጎበዝ።» ከዚያ ገልብጣ ደረቱን ያዘች። ጣቷ ሄደ፣ ሄደ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ተመለሰ። እንደገና ወጣ። እዚያው ቆመ።

«ገብሬ።»

«አቤት።»

«እስከዚህ ያንተ እጅ ነው። ከዚህ በላይ ግን የሌላ ሰው ነው።»

«ኧረ እኔው ነኝ፤ ቸኩዬ ይሆናል።»

«የቸኮለ ዓይን ይዘላል። ይሄ አልዘለለም። ይሄ ታንቋል፤ መርፌ አያስገባም።» ጣቷን ከረድፉ ላይ አላነሣችም። ከደጅ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል። ከዚያ በቀስታ፣ «ያ በማለዳ የሞተው ሰው» አለች። «ልጅ የለውም ያልከኝ።»

ከጭኔ ላይ የክር ብጣሽ ለቀምኩ።

«ልጅ የሌለው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከደቻቱ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ያኔ ነው የወጣው። እሷ አልጮኸችም። ያቺ ደኅናዋ እጇ ሹራቡን ጨብጣ ትፈታለች፣ ጨብጣ ትፈታለች። ትሞትብኛለች ብዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። አፌ የማይረባ ነገር ተናገረ፤ «ተርትሬ ላስተካክለው?» አልኳት።

«ተወው» አለች። «አትንካው። እንዲያ ይቆይ።»

ትንሽ ቆይታ፣ «ለብቻህ ነው ያለቀስከው?» አለችኝ።

«ክሩ ላይ።»

«ሰው ጥራ እንግዲህ። ልጄን በወግ ላልቅስለት።»

ከመንግሥት መርዶ ስላልመጣ ድንኳን መትከል ያስጠይቃል ተብሎ ለቅሶው በቤት ውስጥ ሆነ። ዓብዱልአዚዝ ያየውን በማለዳ ለሷም ነገራት፤ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ጉልበቷን ይዞ። በሩቅ የሞተ ሰው አስከሬን ስለሌለው የሚለቀሰው በልብሱ ነው። የክፍሉ የትምህርት ቤት ሸሚዞች፣ የኳስ ካልሲው፣ ጫማው ምንጣፍ ላይ ተዘረጉ። አንዲት አልቃሽ ሹራቡን አንሥታ ከላይ ልታኖረው ስትል አስካል ከአልጋዋ፣

«እሱን አስቀምጪ» አለቻት። «የእሱ አይደለም። አልለበሰውም።»

ዓብዱልአዚዝ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። አስካል አስጠራችው። ከእናቱ ጋር ገባ። ሹራቡ ጭኗ ላይ ነው።

«ልበሰው» አለችው።

«እማማ፣ እኔ እንዴት...»

«አንተ ላይ አይደል የተለካው? ልበስ።»

ሃሊሞ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አስካል፣ እህቴ፣ ለነፍሱ ለቤተ ክርስቲያን ስጪው እንጂ» አለች።

«ቤተ ክርስቲያኑ ድሬ ነው ያለው። ማን ሊበርደው? ይሄ ልጅ ነው የሚበርደው።»

ልጁ ለበሰው። ትከሻው ልክ መጣ። የግራው እጅጌ ግን ወርዶ ጣቶቹን ዋጣቸው።

«ይረዝማል አይደል፣ አባባን ስንት ጊዜ ብነግራቸው» አለች፤ በዚያች ከንፈሯ ፈገግ ልትል ሞክራ።

«ጥሩ ነው፣ እማማ። ጓንት የለንም፤ እጄን እከትበታለሁ» አላት።

ሃሊሞ አጎንብሳ ያቺን የማትሰማዋን ቀኝ እጇን አንሥታ ሳመቻት።

ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። የድሬ ፀሐይ አናት ይሰነጥቃል፣ የባቡሩ ብረት አይነካም። ልጁ ሹራቡን አላወለቀም። ላቡ ባንገቱ ይወርዳል። ሌሎቹ ወታደሮች፣ «ወንድሜ፣ ከአሁኑ በረደህ?» እያሉ ይስቁበታል።

«አውልቀው አቦ፣ ትሞታለህ በሙቀት» አለች ሃሊሞ። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች፣ ሻሿን ነከሰች።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጁን በመስኮት አወጣ። የግራ እጁ ነበር። እጅጌው ከጣቱ አልፎ ይወዛወዛል።

ቤት ስገባ አስካል፣ «አወለቀው?» አለችኝ።

«እስካየው ድረስ አላወለቀም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ቀጣዩ ክረምት ቆየችልኝ። ያቺን የናስ ኪሮሽ ከትራሷ ሥር አላወጣችም፤ አሁን መቃብሯ ውስጥ አብራት ናት።

በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ወታደሮች በእግርም በመኪናም፣ አንዳንዴም በባቡር፣ ከሲታ ሆነው ይመጡ ጀመር። እኔና ሃሊሞ ጠዋት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ እንቆም ነበር። እሷ ዓይኗ ደክሟል፤ ፊት አይለይላትም።

«ገብሬ፣ አንተ እጅጌ እይልኝ» ትለኛለች። «ያንተ ሥራ አይደል? ከሩቅ ታውቀዋለህ።»

አያለሁ። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ያልቃል። በሩ ሲዘጋ ክንዷን እይዛትና በደቻቱ አሸዋ አቋርጠን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።